«አውራ ነው» ብዬ የፈረድኩባት

ሲያትል ውስጥ በእኛ ሰፈር ዶሮ የሚያረባ ሐበሻ ሁሉ ችግር ሲገጥመው ወደ እኔ ይደውል ነበር። እንቁላል ያቋረጠች፣ ዓይኗ ያበጠ፣ ከጎጆዋ አልወርድ ያለች ዶሮ ሁሉ ጉዳይዋ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ለዚህ ማዕረግ ያበቃኝ በወጣትነቴ ቢሾፍቱ በአንድ የዶሮ እርባታ መሥራቴ ነው። እዚያ በትክክል ምን እሠራ እንደነበር የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ለማስረዳት አልቸኮልኩም።

ሥራዬ የአንድ ቀን ጫጩቶችን ሴትና ወንድ መለየት ነበር። ሲሰሙት ከባድ ጥበብ ይመስላል። ጫጩቶቹ ግን ቦቫንስ ብራውን የሚባሉት እንቁላል ጣዮች ናቸው፤ የእነዚህ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ቢጫ ሆኖ ይፈለፈላል። ቡናማዋን ወደ አንዱ ካርቶን፣ ቢጫውን ወደ ሌላው። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ይሠራዋል። የዶሮን ጾታ በዕውቀት ለይቼ አላውቅም፤ ቀለሙ ነበር የሚለይልኝ። በኋላ ለሠራሁት በደል ሥሩ ይኸው ነው። ቀለሙ የሚነግረኝን እኔ የማውቀው መስሎኝ ዕድሜዬን ገፋሁ።

በደሉ የተፈጸመው እማማ ቤት ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ በእኛ ሰፈር «እማማ» ሲባል ማን እንደሆኑ ይታወቃል። የሚኖሩት ከልጃቸውና ከዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር ነው። አምና በጸደይ ልጅቱ ከእናቷ ጋር ገበያ ወጥታ ሦስት ነጫጭ የሲልኪ ጫጩቶች በካርቶን ይዛ ገባች። ስማቸውንም ወዲያው አወጣች፦ ጥጥ፣ ደመናና ስኳር። በአማርኛ የምታውቃቸው ነጭ ነገሮች እነዚህ ነበሩ።

ሲልኪን ላላያችሁ፣ ላባው ላባ አይመስልም። የሌላ ዶሮ ላባ ክሮቹ በጥቃቅን መንጠቆዎች ተያይዘው አንድ ወጥ ይሆናሉ። የሲልኪ ላባ መንጠቆ ስለሌለው ተበትኖ እንደ ጸጉር ይንጨባረራል። ጣቱ አምስት ነው፤ የአብዛኛው ዶሮ አራት ነው። የጆሮው ሥጋ ሰማያዊ ነው። ጉትያ ዶሮ አገራችንም አለ፤ የሲልኪ ጉትያ ግን ዓይኑን እስኪሸፍነው ይወርዳል። ማርኮ ፖሎ በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የድመት ጸጉር የለበሱ ጥቁር ዶሮዎች ቻይና ውስጥ አሉ ብሎ ያወራው ስለ እነዚሁ ሳይሆን አይቀርም። አሜሪካኖች በዝርያ መዝገባቸው ያስገቡት በ1874 ነው። ከላባው ሥር ያለውን ነገር ለጊዜው ልተወው። እኔም ያን ጊዜ ትቼው ነበር፤ ግማሹ ጣጣ የመጣው ከዚያ ነው።

መደብሩ ጫጩቶቹን የሸጠው ጾታቸውን ሳይለይ ነው። ሲልኪ ባብዛኛው እንዲሁ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ አውራ ቢሆኑ አያስደንቅም። እዚህ ደግሞ አውራ ጣጣ አለው። የሲያትል ደንብ በአንድ ግቢ እስከ 8 ዶሮ ይፈቅዳል፤ አውራ ግን ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ክልክል ነው። ሌሊት የሚጮኽ ነገር ጎረቤት ያጣላል።

«አንተ የዚህ ሰው ነህ» አሉኝ እማማ። «አውራ ካለባቸው ጎረቤት ሳይከሰኝ ንገረኝ።»

እሳቸውም የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። «እንቁላሉን አይቼው ቢሆን አንተን አልጠራም ነበር። ሾጣጣው አውራ፣ ክቡ ሴት ነው።» ይህን ሲሉ ከሮማዊው የእርሻ ጸሐፊ ከኮሉሜላ ጋር መስማማታቸውን አያውቁም። ኮሉሜላ በ1ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ልክ እሳቸው እንዳሉት ነው። ከእሱ አራት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ አርስቶትል ሾጣጣው ሴት፣ ክቡ ወንድ ነው ብሎ ነበር። ሁለቱም አልገባቸውም። በዶሮ የልጁን ጾታ የምትወስነው እናቲቱ ናት። ወንዱ አንድ ዓይነት የዘር ቅንጣት ሁለት ይዟል፤ ሴቷ ሁለት ዓይነት ትይዛለች፣ ለልጇም የትኛውን እንደምትሰጥ የሚለየው ቅርፊቱ ሳይሠራ በፊት ነው። የቅርፊቱ ቅርጽ ስለዚያ የሚያውቀው ነገር የለም። ይህን ሁሉ ለእማማ አስረዳሁ። እያስረዳሁ ሳለ የሚያዳምጡኝ ሰዎች ፊት ላይ ያየሁትን አክብሮት ወደድኩት። ቅድም ሥሩ ቀለም ነው ብዬ ነበር፤ ይህም ሌላው ሥር ነው።

የልጅቱ እናት «እንደ ጃፓኖቹ በእጅህ ይዘህ ነው የምትለየው?» ስትለኝ አላረምኳትም። ጃፓኖች በ1920ዎቹ ያወጡት ዘዴ አለ። የአንድ ቀን ጫጩት ገልብጠው በመውጫው ውስጥ ያለችውን ኢምንት ጉብታ ያያሉ። የሠለጠነ ሰው በሰዓት 1,000 ያህል ጫጩት ይለይበታል፤ የሚስተውም እጅግ ጥቂት ነው። ለዚያ ረጅም ሥልጠና ያስፈልጋል፣ ከተፈለፈሉ ብዙም ሳይቆይ ነው የሚሠራው፣ ያልተማረ እጅ ደግሞ ጫጩቱን ይጎዳል። እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አድርጌው አላውቅም። ዝም አልኩና «ትንሽ ይደጉ» ብዬ ወጣሁ። ጥሩ መልስ ነበር። ምነው በዚያው በጸናሁ።

ጫጩቶቹ አሥር ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው፣ ሰኔ ላይ፣ እንደገና ጠሩኝ። ሦስቱም ጓሮ ሣር ላይ ነበሩ። ጥጥ ከሁሉ ቀድማ ትበላለች። እግሯ ወፈር፣ ቁመቷ ቀጥ ያለ ነው፤ ደረቷን ነፍታ ደመናን ስትገፋው ደመና ዞር ይላል። አነሣኋትና ጉትያዋን ገለጥ አድርጌ አየሁ። የአናቷ ሥጋ ከሁለቱ ሰፋ ያለ መሰለኝ። አንገቴን ነቅንቄ፣ ልክ እንደ ሐኪም፣ «ይህ አውራ ነው» አልኩ። «ሁለቱ ቄቦች ናቸው።»

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሲልኪ ወንድና ሴት እስከ አራትና አምስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ተመሳስለው ያድጋሉ። ሌላውን ዶሮ የሚያጋልጠው የአንገትና የወገብ ላባ ነው፤ የአውራው ሾጠጥ ብሎ ያብረቀርቃል፣ የሴቷ ጫፉ ክብ ነው። የሲልኪ ላባ ተበታትኖ ጸጉር ስለሆነ ሹሉም ክቡም በግልጽ አይታይም። የአናቱ ሥጋ እንደ አገራችን አውራ ቀይና ባለጥርስ አይደለም፤ ጠቆር ያለ፣ የተጨማደደ ጉብታ ነው። የወንዱ ቀድሞ ይሰፋል ይባላል፣ እውነትም ነው። ሆኖም ቀድማ የደረሰች ቄብም ይሰፋባታል። ድፍረት ደግሞ ምንም አያስረዳም። ከሦስት ቄቦች አንዷ የግድ አለቃ ትሆናለች፣ አለቃ ደግሞ ደረት ትነፋለች። ከሁሉ የተሻለው ምልክት ጉትያው ራሱ ነው። የሴቷ ድቡልቡል ሆኖ ፊቷን ይከባል። የወንዱ እያደር ረዘም ረዘም ያሉ ቀጫጭን ላባዎች ያወጣና ወደ ኋላ ይተኛል። በአሥር ሳምንት ያም ቢሆን ገና ጅምር ነው። አርቢዎች ራሳቸው ይስቱታል። ብዙዎቹ እስኪጮኽ ወይም እንቁላል እስክትጥል ይጠብቃሉ።

በዚያ ዕድሜ ሙሉው ዕውቀት «ገና አይለይም» የሚለው ነበር። ያን ማለት አልቻልኩም። እማማ ቆመው፣ ልጃቸው ቆማ፣ ልጅቱ ጥጥን በክንዴ ሥር እያየች፣ ሁሉም ከእኔ አፍ አንድ ቃል ሲጠብቁ «አላውቅም» ብል ከቢሾፍቱ ይዤው የመጣሁት ስም ሁሉ የሚወድቅ መሰለኝ።

የልጅቱ እናት ሌላ መንገድ አሳየችኝ። ጥቂት ላባ ነቅሎ ለላቦራቶሪ ቢላክ በዘር ምርመራ ጾታው ይታወቃል አለች። ልክ ነበረች። ዋጋው ለሁለት ሰው ምሳ የማይበቃ ገንዘብ ነው። እኔ ግን ሳቅሁ። «ለዶሮ ላቦራቶሪ? እኛ አገር ቢሰሙ ምን ይሉናል!» እማማም አብረውኝ ሳቁ። የልጅቱ እናት አፈረችና ዝም አለች። ይህ ሳቅ ከፍርዱ ራሱ ይልቅ ይከነክነኛል።

እማማ የአውራውን ዕጣ ወዲያው ቆረጡ። «እንግዲያው ለእንቁጣጣሽ ይድረስ።» ለልጅቱ ጥጥ ወደ ገጠር፣ ሰፊ ሜዳ ወዳለበት እርሻ እንደሚሄድ ተነገራት። የመጀመሪያው ውሸት የእኔ አይደለም። ዝም ብዬ አጽድቄዋለሁ ግን።

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ረጅም ነው። በየሳምንቱ በዚያ ግቢ አልፋለሁ። ቆም ብዬ ደግሜ ባያት ኖሮ ጉትያዋ ድቡልቡል ብሎ መቅረቱን አይ ነበር። አላየሁም። አንዴ ከፈረድኩ በኋላ ጥጥ ለእኔ አውራ ነበረች፣ አለቀ። ነሐሴ ላይ ልጅቱ አጥሩ ጋ አስቆመችኝና «አንተ፣ የደመና ጸጉር ለምን ወደ ኋላ ይሄዳል?» አለችኝ። አንቱታ አታውቅም፤ እዚህ ያደጉ ልጆች አማርኛ እንዲሁ ነው። ጎንበስ ብዬ እንኳ አላየሁም። «ላባ እየቀየረች ነው» አልኳት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከሁሉ የታመነውን ምልክት ያለማንም አስተማሪ አገኘችው፤ እኔ አዋቂው ደግሞ አፏን አስያዝኳት።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጅቱ ትምህርት ቤት ሳለች ጥጥን ወደ ቤቴ ወሰድኳት። በእማማ ቤት ወንድ የለም፣ ሴት ደግሞ በእኛ ልማድ ዶሮ አታርድም። ፈራጁም አራጁም እኔ ሆንኩ። በስመ አብ ብዬ ባረክሁ። በፈላ ውኃ ነክሬ ላባዋን ስነጭ ከሥሩ የወጣው ቆዳ ሰማያዊ የተቀላቀለበት ጥቁር ነው። የሲልኪ ቆዳ ጥቁር መሆኑን ሰምቼ ነበር። ሥጋውን አልፎ አጥንቱ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ድረስ ይጠቁራል ብዬ ግን አልገመትኩም፤ ለእማማም ስለዚህ ትንፍሽ አላልኩም።

ሆድ ዕቃዋን ሳወጣ በግራ በኩል፣ ከጀርባ አጥንቷ ሥር ተጣብቆ፣ የፍሬ ዘለላ አየሁ። አውራ ቢሆን በግራም በቀኝም ባቄላ የመሰሉ ሁለት ፍሬዎች ነበር የማገኘው። የሴት ዶሮ የእንቁላል ማኅደር ግን የሚያድገው የግራው ብቻ ነው። ከፍሬዎቹ አብዛኞቹ ሰናፍጭ ያህላሉ፤ ጥቂቶቹ አተር አክለው ቢጫ መሆን ጀምረዋል። ጥቂት ሳምንት ብትቆይ እንቁላል ትጥል ነበር። አናቷ ላይ ያለው ሥጋ የሰፋውም ለዚያ ስትዘጋጅ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበረኝ። ስልኬን አንሥቼ «እማማ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት አንዱ ነው። እኔ ዘለላውን ከላባው ጋር ጠቅልዬ ጣልኩት። ስሕተት ሰው ሁሉ ይሠራል፤ የምናዘዘው ስለ ስሕተቱ አይደለም። የምናዘዘው ስለዚያ ጥቅል ነው።

ሥጋውን በሳህን ይዤ ስሄድ እማማ ሽንኩርቱን አቁላልተው ጨርሰው ነበር። ክዳኑን አንሥተው አዩና አማተቡ። «ከላይ ነጭ፣ ከውስጥ ጥቁር? ይሄማ የውቃቢ ዶሮ ነው! ለአዲስ ዓመት ይሄ ቤቴ አይገባም።» ጥቁር ዶሮ በእሳቸው አገር ለምን እንደሚታረድ የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም። እኔ አሁንም ማስተማር ጀመርኩ። ቻይና ውስጥ ይህ ሥጋ ክቡር ነው፣ ሾርባው ለአራስ ይሰጣል አልኩ። ጥቁረቱ ርኩሰት ሳይሆን ከእናት አባት የሚወረስ ነው አልኩ። እንግሊዞቹ ቤትሰንና ፓኔት በ1911 ስለዚሁ ጥቁር ቆዳ ያወጡትን ጥናት ሳይቀር አነሣሁ። የሲልኪን አውራ ሌግሆርን ከሚባለው ዝርያ ሴት ጋር አዳቅለው የተወለዱት ሴቶቹ ጥቁር፣ ወንዶቹ ፈዛዛ ሆኑላቸው። ክልሱን ሲልኪ በቆዳው ቀለም ወንድና ሴት መለየት ይቻላል ማለት ነው፤ ንጹሑን አይቻልም። ይህን ስናገር ምላሴ አልተደናቀፈም። ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። ያላልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም በቤቴ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነበር።

እማማ አልተረቱም። ከሱፐርማርኬት ዶሮ አስመጥተው ወጡን ሠሩ። እኔንም ጠሩኝ፤ ሄጄ በላሁ፤ ጣፍጦኛል ብዬ መረቅሁ። ጥጥ ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ከረመች። ልበላት አልሆነልኝም፣ ልጥላትም አልደፈርኩም። ወደ ገና ግድም አንድ ማለዳ በአረንጓዴው የምግብ ትራፊ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከትቻት ከተማው ወሰዳት።

ወደ መስከረም ልመለስ። መስቀል ሳይደርስ ደመና ጮኸ። የመጀመሪያ ጩኸቱ ጉሮሮው የተዘጋ ሰው ሳል ይመስል ነበር አሉ፤ በሳምንቱ ግን ሙሉ አውራ ሆነ። ጃፓን ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አብረው የሚኖሩ አውራዎች ንጋት ላይ በማዕረግ ተራ እንደሚጮኹ፣ አለቃው ሳይጀምር ታናናሾቹ እንደማይቀድሙ አሳይቷል። ጥናቱ ስለ አውራዎች ብቻ ስለሆነ ከዚህ በኋላ የምለው የራሴ ግምት ነው። ደመናን አንገቱን ያስደፋችው ጥጥ ነበረች። እሷን ባላነሣ ኖሮ ምናልባት ሌላ ወር ሁለት ወር ዝም ይል ነበር። በእኔ ቢላ ሹመት አገኘ።

እማማ ደወሉልኝ። «ቄብ ናት ያልካት ዘፈን ጀምራለች።» ለዚህ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። «ከሦስት ጫጩት ሁለት አውራ ይወጣል፣ ያጋጥማል» አልኩ። እውነት ነው፣ ያጋጥማል። በእኛ ላይ ግን አላጋጠመም። እሳቸውም «እንግዲህ ዕድላችን ነው» ብለው ተቀበሉኝ። ደመናን ስኖሆሚሽ አካባቢ መሬት ያላቸው ሰዎች ወሰዱት። የሲልኪ አውራ የሚወስድ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም፤ እንቁላል አይጥል፣ ሥጋው አንድ ጉርሻ፣ ጩኸቱ ግን ሙሉ ነው። ያን ቀን ልጅቱ መኪናው አጠገብ ቆማ የጠየቀችኝን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «ደመና እዚያ ጥጥን ያገኘዋል?»

«ያገኘዋል» አልኳት።

ስኳር ብቻዋን ቀረች። ዶሮ ብቻዋን አይሆንላትም። ክረምቱን ሙሉ አጥሩ ሥር እየዞረች ስትጮኽ እሰማት ነበር። እንቁላል ጀምራ ጥቂት እንደጣለች ባዶ ጎጆ ላይ ተቀመጠችና አልነሣም አለች። ሲልኪ በማቀፍ የታወቀ ነው፤ አርቢዎች የዳክዬ እንቁላል ሳይቀር ያሳቅፏቸዋል። ባዶ ጎጆ የሙጥኝ ያለች ዶሮ ለእኔ አዲስ አይደለችም። ይህችኛዋ ግን እዚያ ያስቀመጥኳት እኔ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ቢሾፍቱ ትዝ ይለኝ ጀመር። ቢጫዎቹ ጫጩቶች የሚገቡበት ካርቶን ሲሞላ ሰው መጥቶ ያነሣዋል፣ እኔ ቀጣዩን እዘረጋለሁ። ከፊሎቹ በርካሽ ይሸጡ ነበር። የቀሩት ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቄ አላውቅም፤ እንቁላል የማይጥል ወንድ ጫጩት በዓለም ዙሪያ መጨረሻው ምን እንደሆነ ግን የታወቀ ነው። ጀርመን ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ መግደሉን በሕግ ከልክላለች፤ እዚያ አሁን እንቁላሉ ሳይፈለፈል ጾታውን የሚለዩበት መሣሪያ አላቸው። እኔ በወጣትነቴ የተማርኩት አንድ ነገር ነበር፤ ለይቶ ዓይንን ማንሣት። ጥጥ ላይ ያደረግሁትም ያንኑ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ስለ ዶሮ ንስሐ የገባ ሰው አልገጠማቸውም መሰለኝ። ልጅቱ የጠየቀችኝን ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ቆመ። «ለእማማ ተናግረሃል?» አሉኝ። አልተናገርኩም አልኩ። «እንግዲያው ለምን ወደ እኔ መጣህ?» ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ።

እማማን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ስለ ፍሬው ዘለላ፣ ስለ ጥቅሉ፣ ሁሉንም። ቡናቸውን እያማሰሉ ዝም ብለው ሰሙኝ። የተቆጡት ግን እኔ በጠበቅሁት ቦታ አይደለም።

«ዶሮ መሳት ምን አለበት? እኔስ ስንቴ ስቻለሁ! ያን ቀን ቻይና፣ አራስ፣ እንግሊዝ እያልክ ያን ሁሉ ያወራህብኝ ለዚህ ነበር? እኔ እኮ መስሎኝ… አላዋቂ ስለሆንኩ እንዳፍር ነበር የፈለግኸው።»

ምንም የምለው አልነበረኝም። ለረጅም ጊዜ ጥፋቴን በጥጥ ላይ ብቻ አድርጌ ሳስብ፣ እኚህ ሴት በገዛ ማጀታቸው ማፈራቸውን አንድም ጊዜ አላሰብኩትም።

«ለልጅቱ አንተው ንገራት» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ገጠር ሄደ ብዬ አንዴ ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛውን አንተ ተሸከም።»

ለልጅቱ መንገር ከባድ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ሆነም። አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ መጠየቅ ጀመረች። ጥጥ ሴት ነበረች? አዎ። ደመና ያን ጊዜ ጸጉሩ ወደ ኋላ ይሄድ የነበረው ለዚህ ነው? አዎ፣ አንቺ ልክ ነበርሽ። እናቴ ያለችው ላቦራቶሪስ ያውቀው ነበር? አዎ። ትንሽ አሰበች። «ቢዚ ነበርክ?» አለችኝ። አልነበርኩም አልኳት። ከዚህ በኋላ ብዙ ቀን አላነጋገረችኝም፤ አጥሩ ጋ ሳልፍ ፊቷን ታዞራለች። ይገባኛል።

ከፋሲካ በኋላ እናቷ ከአንድ አርቢ የዳበረ የሲልኪ እንቁላል ገዝታ ከስኳር ሥር አደረገች። በ21ኛው ቀን ሦስት ጫጩቶች ወጡ። ስኳር በክንፏ ሥር ደብቃ ማንንም አላስጠጋም አለች። እማማ እንቁላሎቹን ከመታቀፋቸው በፊት አንድ በአንድ በእጃቸው አገላብጠው አይተው ነበር፤ ሁለት ሾጣጣ፣ አንድ ክብ ብለዋል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ጫጩቶቹ ላባ ሲያወጡ ግን ልጅቱ ፊቴ መጥታ ቆመች። «ቴስቱን አንተ ትከፍላለህ» አለችኝ። ከፈልኩ። ላባውን የነቀለችው እሷ ናት፤ እኔ ፖስታው ላይ አድራሻ ጻፍኩ።

ውጤቱ ሰኔ ላይ መጣ። ሁለት ወንድ፣ አንድ ሴት። እማማ «አላልኩም?» ብለው ቡና አፈሉ፤ ኮሉሜላም ቢኖር አብሮ ይጠጣ ነበር። እኔ ስለ ቅርፊት ቅርጽ የማውቀውን ሁሉ ይዤ ዝም አልኩ። ወረቀቱ ሳይመጣ በልቤ ገምቼ ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱን ስቻለሁ።

አሁን ሥራዬ ለሁለቱ ወንዶች ቤት መፈለግ ነው። ልጅቱ እንዳይታረዱ ቃል አስገብታኛለች፤ የሚሄዱበትንም ቦታ በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች፣ እስክትረካ ድረስ አልሰጥም ብላለች። ስኖሆሚሽ ያሉት ሰዎች አንድ ይበቃናል ብለውኛል። ስለዚህ ከከተማ ወጣ ብላችሁ መሬት ያላችሁ፣ ጎረቤታችሁ የራቀ፣ የዶሮ ጩኸት የማይረብሻችሁ ካላችሁ አሳውቁኝ። ነጮች ናቸው፣ ጣታቸው አምስት አምስት ነው፣ ገና አልጮኹም። ወንድ መሆናቸው ተረጋግጧል፤ ወረቀቱ አብሮ ይሰጣል።